ውሉ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች

በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት፣ በሲያልኮት ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ኳስ የሚሰፋ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የእንጨት መቆንጠጫ በጉልበቶቹ መካከል በመያዝ ነው። ሁለት ቁራጮችን ገጥሞ መቆንጠጫው ውስጥ ያስገባል። ሰም የተቀባውን ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ያሳልፋል፤ ከዚያ ሁለቱን ክንዶቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ክሩን ይስበዋል። 20 ባለ ስድስት ጎን እና 12 ባለ አምስት ጎን ቁራጮች በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ይጋጠማሉ። ኳሱ የሚሰፋው ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ስለሆነ ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ይመለስና የመጨረሻዎቹ ስፌቶች በዳበሳ ይቋጠራሉ። ጥሩ ሰፊ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ማለቂያው የት እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም።

ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ በእጅ ከሚሰፉት ኳሶች አብዛኞቹ የወጡት ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ ነው። ኳሱን በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ የከተማዋን ስም ሰምቶ አያውቅም። ሰማ ከተባለም የሰማው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕጻናት ኳስ ሲሰፉ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በአሜሪካና በአውሮፓ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ በወጡ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጣው ፈጥኖ ተቀጣጠለ፤ የስፖርት ዕቃ ሻጮችም ደነገጡ። በየካቲት 1997 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ስምምነት ተፈረመ። ፈራሚዎቹ የሲያልኮት የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ ናቸው። የስፌቱ ሥራ ከየቤቱ ወጥቶ ተቆጣጣሪ ሊገባባቸው ወደሚችል ማዕከላት እንዲሰበሰብ ተወሰነ።

ውሳኔው ሠርቷል። በኳስ ስፌት የሚሠሩ ሕጻናት ቁጥር በእርግጥ ወርዷል፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሆነው፣ ልጅ እያጠቡና ምድጃ እየጠበቁ ይሰፉ የነበሩ ሴቶችም ነበሩ። ከወንዶች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ መሥራት ለብዙዎቹ የማይታሰብ ነበር፤ ማዕከሉም ሩቅ ነው። ኋላ ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ማዕከላት ተከፈቱ፤ ሁሉንም ግን አላዳረሱም። ሕጻናትን ለመታደግ የወጣው ውሳኔ የአንዳንዶቹን ሕጻናት እናቶች ገቢ ይዞባቸው ሄደ። ክፋት የተሠራ አይመስለኝም። ስምምነቱን የፈረሙት ሦስት ወገኖች ነበሩ፤ ሰፊዎቹ ከሦስቱ አንዱ አልነበሩም።

ስለ ዓለም አቀፍ ንግድና ስለ ታላላቅ የስፖርት ውድድሮች ሲወራ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ “ይጠቅማል” እና “ይጎዳል” በሚሉ ሁለት ጎራዎች ይከፈላል። እኔ ሁለቱም ጎራዎች ጥያቄውን የሳቱት ይመስለኛል። ጥቅምም ጉዳትም አለ። ለማን ምን እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የውድድሩ ታላቅነት ወይም የኩባንያው ደግነት አይደለም፤ ውሉ ነው። ፊርማው ላይ ማን ተቀመጠ? ምን ተጻፈ? ምንስ በቃል ብቻ ተነገረ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል ለስታዲየም ግንባታ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ይሠራል።

የኦሊምፒክን ውል እንይ። ለረጅም ዘመን የአዘጋጅ ከተማ ውል ዋና ባሕርይ የነበረው ከተማዋ፣ የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴና አዘጋጅ ኮሚቴው ለሚገቡት ግዴታ ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ መሆናቸው ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በበኩሉ ከኪሳራ የተጠበቀ ነው። በሌላ አነጋገር ወጪው ከታሰበው ቢያልፍ የሚከፍለው አስቀድሞ ይታወቃል። የሞንትሪያል ከንቲባ ዣን ድራፖ ከ1976ቱ ውድድር በፊት ኦሊምፒክ ኪሳራ የሚያመጣው ወንድ አርግዞ ሲወልድ ነው የሚል ንግግር አድርገው ነበር። ከዚያ የስታዲየሙ ወጪ ናረ፤ ጣሪያው በጊዜው አልደረሰም፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። 30 ዓመት ማለት ነው። ከመክፈያው መንገዶች አንዱ በኩቤክ ግዛት ሲጋራ ላይ የተጣለ ግብር ስለነበር በ1976 ገና ያልተወለደ አጫሽ ሁሉ ለዚያ ስታዲየም አዋጥቷል።

በዚያው ዘመን ሌላ ከተማ ሌላ ነገር አደረገች። የ1976ቱ የክረምት ኦሊምፒክ የተሰጠው ለአሜሪካዋ ዴንቨር ነበር። የኮሎራዶ ግዛት ነዋሪዎች በኅዳር 1972 ድምፅ ሰጥተው የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ ውድድሩም ወደ ኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ተዛወረ። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሞንትሪያል ድንጋጤ በኋላ ለ1984 ብቸኛ ተወዳዳሪ ሆና ስትቀር ዕድሏን ተጠቀመችበት። የከተማዋ ነዋሪዎች በ1978 ከተማዋ ገንዘቧን ለውድድሩ እንዳታፈስ በድምፅ ወሰኑ፤ ሌላ አዘጋጅ ያልነበረው ኮሚቴ የወትሮውን ዋስትና ትቶ ተስማማ። ውድድሩ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኘ፤ ከዚያ የተቆረሰው ገንዘብ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ የልጆችን ስፖርት የሚደግፍ ተቋም መሠረተ፤ ተቋሙም ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። የሎስ አንጀለስ ሰዎች ከሞንትሪያሎቹ የተለዩ ብልሆች አልነበሩም። የመደራደር አቅም የነበራቸው ወረፋ የያዘ ሌላ ከተማ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ትምህርት እየተስፋፋ ሄዷል። የቦስተን ከንቲባ በ2015 የግብር ከፋዩን ገንዘብ በዋስትና የሚያስይዘውን ሰነድ አልፈርምም ሲሉ የከተማዋ የ2024 ኦሊምፒክ ጥያቄ በዚያው ቀን ሞተ። በዚያው ዓመት ሃምቡርግ በሕዝበ ውሳኔ እምቢ አለች። በ2018 ካልጋሪም ለ2026ቱ የክረምት ኦሊምፒክ እንዲሁ። ለ2024 የቀሩት ፓሪስና ሎስ አንጀለስ ብቻ ሲሆኑ የኦሊምፒክ ኮሚቴው የ2024ቱንና የ2028ቱን በአንድ ጊዜ አከፋፍሎ እፎይ አለ። አዲስ ስታዲየም አትሥሩ፣ ያለውን ተጠቀሙ የሚለው የዛሬው ለስለስ ያለ መመሪያም የተጠናከረው በዚሁ ዘመን ነው። ደጅ የሚጠናው ሲያንስ ባለቤቱ በሩን ይከፍታል።

የ2026ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ 16 ከተሞች 104 ጨዋታዎች የተመደቡለት ነው። በ2018 ቺካጎ ፊፋ ለድርድር ፈቃደኛ አይደለም፣ ለግብር ከፋዩም አስተማማኝ ነገር የለም ብላ ከወረፋው ወጣች። ቫንኩቨርም ያኔ ወጥታ ነበር፤ በ2022 ግን ተመለሰች። በተመለሰችበት ዓመት ወጪው ከ240 እስከ 260 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይሆናል ተብሎ ተገመተ። በ2024 ግምቱ ከ483 እስከ 581 ሚሊዮን ሆነ። ለ7 ጨዋታ ነው። ፊፋ በ2022 በተጠናቀቀው የአራት ዓመት ዘመን ብቻ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ አግኝቷል፤ የቴሌቪዥን መብቱና የስፖንሰሩ ገንዘብ የሚገባው ወደ እርሱ ነው፤ ከአስተናጋጅ አገሮችም የግብር ነፃነት ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን “ውድድሩ ይህን ያህል ቢሊዮን ያመጣል” ሲል ልንጠይቀው የሚገባው ወደ ማን የሒሳብ ቁጥር እንደሚገባ ነው። ጎብኚው ይመጣል፤ እውነት ነው። ግን ግርግሩንና የሆቴሉን ዋጋ ፈርቶ የሚቀር ጎብኚም አለ። በ2012 ለንደን ውስጥ ኦሊምፒኩ ሲካሄድ ቤተ መዘክሮችና ቲያትር ቤቶች ሰው አጥተው አማርረዋል።

ብራዚል ለዚህ ሁሉ ትልቁ መማሪያ ናት፤ ኳስ የምትወድ አገር ስለሆነች ማንም “እነዚህ ስፖርት ጠል ናቸው” ሊላቸው አይችልም። በሰኔ 2013 በሳኦ ፓውሎ የአውቶቡስ ዋጋ በ20 ሳንቲም መጨመሩ ሕዝቡን ወደ አደባባይ አወጣው። ዓለም ዋንጫው አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ሰልፈኞቹ ከያዟቸው ጽሑፎች አንዱ የፊፋ ደረጃ ያለው ሆስፒታል፣ የፊፋ ደረጃ ያለው ትምህርት ቤት እንፈልጋለን የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ የኢኮኖሚ ትንታኔ እኔ አላነበብሁም። መንግሥት ስታዲየም በሚሠራበት ጥራትና ቀነ ገደብ ክሊኒክ መሥራት እንደሚችል ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል፤ “አቅም የለንም” የሚለው የድሮ ምክንያት ከዚያ በኋላ ለማንም አልተዋጠለትም።

በአማዞን ጫካ መካከል ባለችው ማናውስ 40,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ተገነባ። የብረት አካላቱ ከፖርቱጋል በመርከብ ተጭነው ውቅያኖስ አቋርጠው፣ ከዚያ በወንዙ ላይ ሽቅብ ተጉዘው ነው የደረሱት። ዓለም ዋንጫው የተጫወተበት አራት ጊዜ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በአገሪቱ አንደኛ ሊግ የሚጫወት ቡድን አልነበራትም። በዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ከዓለም ዋንጫው በኋላ የውዱ ስታዲየም ግቢ የአውቶቡሶች ማቆሚያ ሆኖ ነበር። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና በጥድፊያ የተሠራው ሁሉ ሰርገኛው ሲሄድ ምን ሊሆን እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

ስታዲየም ባዶ ቢቀር የሚባክነው ገንዘብ ነው። ቤት ሲፈርስ የሚባክነው ሌላ ነገር ነው። በሪዮ ዴ ዣኔሮ ከ2016ቱ የኦሊምፒክ ፓርክ አጥር ጋር የሚዋሰን ቪላ አውቶድሮሞ የሚባል ሰፈር ነበር። ዓሣ አጥማጆች ጀምረውት ቀስ በቀስ ከ500 በላይ ቤተሰቦች የኖሩበት ነው። ብዙዎቹ በ1990ዎቹ ከግዛቱ መንግሥት የተሰጠ የመኖሪያ ሰነድ በእጃቸው ነበር፤ ማለትም ሕገ ወጥ ሰፋሪ የሚለው ስም አይሠራባቸውም። ነዋሪዎቹ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች ጋር ተባብረው ሰፈሩ ሳይነሳ እንዴት እንደሚሻሻል የሚያሳይ የራሳቸውን ፕላን አወጡ፤ ፕላኑ በ2013 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ቡልዶዘሩን አላቆመም። አንዳንዱ ካሳውን ተቀብሎ ሄደ፤ አንዳንዱ ጎረቤቱ ሲፈርስ ፍርስራሹ መሃል መኖር ታክቶት ሄደ። እስከ መጨረሻው አልነሳም ያሉት 20 ያህል ቤተሰቦች ናቸው፤ ለእነርሱ አንድ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ትናንሽ ነጭ ቤቶች ተሠሩላቸው። እነዚህ 20 ቤተሰቦች በቤቱ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ከከተማው እጅ እስኪያገኙ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። የተቀረውን የሰፈር ታሪክ ለማወቅ አሁን የቆዩ ፎቶግራፎችን ማየት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ የሚነካው ማኅበረሰብ ስታዲየሙ ካለበት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ነው። የ2022ቱን የኳታር ዓለም ዋንጫ የገነቡት እጆች የኔፓል፣ የሕንድ፣ የባንግላዴሽና የሌሎች አገሮች ገበሬ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ከመንደራቸው ሳይወጡ ባለ ዕዳ ነበሩ፤ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በአራጣ የተበደሩት ነው። በሙቀት ሲሠራ የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ የሞት ምክንያቱ “ተፈጥሯዊ” ወይም “የልብ መቆም” ተብሎ ይጻፍ ነበር። እንዲህ ሲጻፍ የሥራ አደጋ አይደለም፤ የሥራ አደጋ ካልሆነ ካሳ የለም። አንዲት ቃል በአንድ ቅጽ ላይ ምን ያህል ገንዘብ እንደምትቆጥብ ልብ ይሏል።

ዓለም አቀፍ ጫናው ለውጥ አላመጣም ማለት አይቻልም። ኳታር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች፤ ከመጋቢት 2021 ጀምሮም የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ አጸናች። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ ፊፋ ለተወዳዳሪዎቹ በሽልማት ከመደበው 440 ሚሊዮን ዶላር ጋር እኩል ገንዘብ ለተጎዱ ሠራተኞችና ለሟች ቤተሰቦች ይመድብ ብለው ጠየቁ። ፊፋ በ2024 መጨረሻ 50 ሚሊዮን ዶላር የውድድሩ መታሰቢያ ብሎ መደበ፤ ገንዘቡ የተመደበው ግን በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል ለጤና፣ ለስደተኞችና ለመሳሰሉት ሥራዎች ነው። ሥራው መልካም ሊሆን ይችላል። ባሏ በሳጥን የመጣላት የኔፓል ሴት ግን የጠየቀችው ይህን አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚሄደው ገንዘብ ነው። የሚመለስ ገንዘብም አለ፤ የሚመለሰውም በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ነው። ከ2001 ጀምሮ የፊፋ ደንብ እንደሚለው አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ ግማሽ በመቶ። ሒሳቡን ብንሠራው፦ በ40 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠን ተጫዋች ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሠለጠነ የሰፈር ክለብ 400,000 ዩሮ ይደርሰዋል። አቧራማ ሜዳ፣ ሁለት ኳስና አንድ ፊሽካ ላለው ክለብ ይህ የአሥር ዓመት በጀት ነው።

መብቱ ቢጻፍም ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት ሳይደርስ ቀርቷል። ትንሹ ክለብ ዝውውሩን ካልሰማ፣ የተጫዋቹን የልጅነት መዝገብ ካላስቀመጠ፣ ጠበቃ ካልያዘ አይከፈለውም ነበር፤ ትልቁም ክለብ ካልተጠየቀ አያስታውስም። ፊፋ ራሱ ከሚገባው ገንዘብ ትንሹ ክፍል ብቻ ይከፈል እንደነበር አምኖ በ2022 መጨረሻ ክፍያውን በራሱ ፈልጎ የሚያደርስ ማዕከል ፓሪስ ላይ ከፈተ። ለታዳጊዎች አሠልጣኝ ምክር ስጥ ብባል የመጀመሪያው ስለ ኳስ አይሆንም፤ መዝገብ ያዝ እለዋለሁ።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ቤልጅማዊው ተጫዋች ቦስማን ከሶ ካሸነፈበት የ1995ቱ ፍርድ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ይሄዳል። ለተጫዋቹ ፍትሕ ነው፤ ሰው ዕቃ አይደለም። የዝውውር ዋጋ በሌለበት ግን 5 በመቶ የሚቆረስለትም የለም። ኪሊያን ምባፔ ልጅ ሆኖ ኳስ የጀመረው በፓሪስ ዳርቻ ባለችው ቦንዲ ሰፈር ክለብ ነው። በ2024 ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ውሉ አልቆ ስለነበር የዝውውር ዋጋው ዜሮ ነበር። ለተጫዋቹ የሚሰጥ የፊርማ ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነቱ ክለብ አይከፋፈልም። የዜሮ 5 በመቶ ስንት እንደሆነ የቦንዲ አሠልጣኞች ይነግሯችኋል።

አንዳንዱ ከተማ በእርግጥ አትርፏል። ባርሴሎና ከ1992ቱ ኦሊምፒክ በፊት ባሕር አጠገብ እየኖረች ባሕሩን የማታይ ከተማ ነበረች፤ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ በመካከል ቆመው ነበር። ከተማዋ የባሕሩን ዳርቻ የመክፈት ሐሳብ ቀድሞውኑ ነበራት፤ ኦሊምፒኩን የተጠቀመችበት ለዚያ ሐሳብ ገንዘብ ማግኛ አድርጋ ነው፤ ሌሎች ግን ብዙ ጊዜ ፕላናቸውን ለኦሊምፒኩ ሲያጎነብሱ ይታያሉ። ይህም ቢሆን ሒሳቡ ተዘግቶ አላለቀም። ስሟ የገነነው ከተማ ጎብኚ በጎብኚ ሆነች፤ ኪራይ ናረ፤ በሐምሌ 2024 የተማረሩ ነዋሪዎች ሬስቶራንት በራፍ ላይ የተቀመጡ ቱሪስቶችን በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ሲረጩ ታዩ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ኦሊምፒክ ብቻ ነው ማለት ግን ግነት ነው።

በጽሑፍ የተያዘ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት በ2001 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከስፖርት አዳራሽ አጠገብ ትልቅ የመዝናኛና የሆቴል ግንባታ ሲታሰብ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የእምነት ተቋማት ተሰባስበው ከአልሚው ጋር በቀጥታ ተዋዋሉ። የሚሠሩት መኖሪያ ቤቶች 20 በመቶው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እንዲሆኑ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር የሰፈሩ ሰው እንዲቀድም፣ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመናፈሻ እንዲወጣ ተጻፈ። አልሚው ይህን የፈረመው በጽድቅ አይደለም። የከተማው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ነዋሪው ከተቃወመ ፈቃዱ እንደሚጓተት ያውቃል። ጊዜው ዋጋ ነበረው፤ ያን ጊዜ ሸጡለት። ግንባታው ካለቀ በኋላ ቢመጡ ኖሮ የሚሸጡት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

በብራዚሏ ሳልቫዶር ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ የባቄላ ሊጥ በፓልም ዘይት እየጠበሱ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ሙያው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሲሆን አገሪቱ በ2005 በቅርስነት መዝግባዋለች። በፎንቴ ኖቫ ስታዲየም በር ላይ ከዘመናት ጀምሮ ነበሩ። ስታዲየሙ ለዓለም ዋንጫ ፈርሶ ሲሠራ የፊፋ ደንብ በስታዲየሙ ዙሪያ ከስፖንሰሮች ሌላ ማንም እንዳይሸጥ ከለከለ። ሴቶቹ ማኅበር ነበራቸው። ፊርማ አሰባሰቡ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመላቸው። ስታዲየሙ በ2013 ሲመረቅ በር ላይ ወጥተው ጮኹ። በመጨረሻ ለ6 ሴቶች በስታዲየሙ ቅጥር ውስጥ ቦታ ተፈቀደ።

ለስድስት ብቻ። ፈቃዱ ግን በጽሑፍ ነበር።